ገላጋይ ያጣች ጣት

ደምመላሽ መርከቧን ለሁለት ሊገምሳት ላፕቶፑ ፊት ሲቀመጥ ረዳቱ ትርንጎ የሽምብራ ቆሎዋን እየቆረጠመች ነበር። ቀና ብላም አላየችው። ሰውዬው መርከቧን ሊገምሳት ሲነሳ ስንት ጊዜ እንዳየች ረስታዋለች፤ እስከ ዛሬ ያልተገመሰች መርከብ ዛሬ ትገመሳለች ብሎ ቆሎ ማቋረጥ ደግሞ የዋህነት ነው።

መርከቧ «ቀንበር» ትባላለች። ስሟ ከመልኳ የወጣ ነው። ግራ በሬና ቀኝ በሬ የሚባሉ ሁለት ግዙፍ ቀፎዎች በአንድ ረዥም የብረት ገመድ ተጠምደው፣ አንዱ ሌላውን እየዞረ፣ ህዋን ያርሳሉ። ካልዞሩ በውስጣቸው ያለ ሰው እንደ ላባ ይንሳፈፋል፤ ሲዞሩ ግን እግር ወለል ይረግጣል፣ ወጥም ድስቱ ውስጥ አርፎ ይቀመጣል። ሞተሩ ያለው በግራ በሬ ላይ ነው። አየር የሚያወጣው የአትክልት ጓሮ ያለው በቀኝ በሬ ላይ ነው። ገመዱ ቢፈታ ግራ በሬ እየሮጠ ይታፈናል፤ ቀኝ በሬ እየተነፈሰ ይጠፋል። በሁለቱም ሆድ ውስጥ ደግሞ አየር እንዲቆጠብ ሲባል ረዥሙን እንቅልፍ የተኙ ባልደረቦች አሉ፤ ወደብ ሲደረስ እንቀሰቀሳለን ብለው፣ አዛዦቻቸውን አምነው፣ አፋቸውን ከፍተው የተኙ።

የግራ በሬ አዛዥ ደምመላሽ ነው። ዕድሜው ሃምሳን ተሻግሯል፤ ድምፁ ግን ገና ሃያ ዓመቱ ነው። ሲያስነጥስ የግድግዳው ብሎን ይላላል። ሲቆጣ ደግሞ በአቅራቢያው የምታልፍ ጅራታም ኮከብ ጅራቷን ሸጉጣ መንገድ ትቀይራለች ይባላል። ይህን ያለው እሱ ራሱ ነው፤ እስካሁን ያስተባበለ ጅራታም ኮከብ ግን የለም።

ዛሬ የተቆጣው በበረዶው ምክንያት ነበር። ቀንበር የወጣችው ከሩቅ የበረዶ አለት ጎትታ ለጨረቃ ከተማ የመጠጥ ውሃ ልታደርስ ነው። ደምመላሽ አለቱን ገና ያሰሩት ዕለት ሬዲዮኑን ከፍቶ፣ ራስ ዳሸንን የሚያህል ነገር ይዘን እየመጣን ስለሆነ ማስቀመጫችሁን አስፉ ብሎ ለጨረቃ ወደብ ነገረ። ወደቡ አምኖ አንድ ሙሉ ግድግዳ አፈረሰ። ወደቡ ላይ የምትኖረው ሚስቱ እታለማሁም ለጎረቤት ሁሉ አወራች። ወሬው በየጊዜው እያደገ ሄዶ፣ ራስ ዳሸን ራሱ ለበረዶው ትራስ ብቻ ለመሆን ደርሶ ነበር።

ዛሬ ጠዋት የቀኝ በሬው አዛዥ ጉተማ፣ የእታለማሁ ወንድም፣ ሁሉም በሚሰማው ሬዲዮ የበረዶውን እውነተኛ ልክ ተናገረ። ደህና ቪላ ቤት ያህላል አለ። ማንም ሳይጠይቀው ደግሞ ጨመረ፤

«አማቼ ፎክሮ ነው እንጂ አርሶ አያውቅም።»

ወደቡ ሙሉ ሳቀ። ደምመላሽ ሳቁን ሁሉ በሬዲዮ ሰማ፤ ከሳቁ መሃል አንዱን ለየው። የእታለማሁ ነበር። ጉተማ የተናገረው ሐሰት ቢሆን ኖሮ ደምመላሽ በስድብ አልፎት ይቅር ይል ነበር። እውነት መሆኑ ግን አጥንቱ ድረስ ገባ። የሰው ስም በሕዝብ ፊት በመለኪያ ሲለካ ዝም የሚል ወንድ ካለ፣ ያ ወንድ ደምመላሽ አልነበረም።

ስለዚህ ጃኬቱን አወለቀ።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከምድር ይዘውት የመጡት ሥርዓት ነው። ሰው መንገድ ላይ ሲጣላ መጀመሪያ ጃኬቱን አውልቆ አጠገቡ ለቆመ ሰው ያቀብላል። ጃኬቱን የተቀበለው ሰው ያለ ቃል ውል ገብቷል፤ ተጣዪውን ሊይዝ። ከዚያ ወዲያ ተጣዪው ልቀቁኝ እያለ ይንፈራገጣል፣ ያዡ ተው እንጂ እያለ ይጎትታል፣ ስድቡ ተንጠፍጥፎ ያልቃል፣ ደም ይበርዳል፣ ሁሉም ጥርሱን እንደያዘ ቤቱ ይገባል። ያዙኝ ልቀቁኝ ማለት ይህ ነው። ደምመላሽም ሲናደድ ጃኬቱን ለረዳቱ ለትርንጎ ይወረውራል፣ ላፕቶፑን ይከፍታል፣ «ቀንበር ፍታ» ብሎ ይጽፋል፣ ጣቱም ትእዛዝ በምታጸድቀው በኢንተር ቁልፍ ላይ እንደ ጭልፊት ታንዣብባለች። በዚህ ጊዜ ትርንጎ የእጁን አንጓ ቀጨም አድርጋ ትይዘዋለች። እሱ ይጮኻል፣ እሷ ትጎትታለች፣ ከዚያ ሻይ ይጠጣሉ። በቀኝ በሬም ነገሩ ያው ነው፤ ጉተማ ሲናደድ ጃኬቱን ለአትክልተኛዋ ለሐሊማ ይሰጣል፣ እሷም ትይዘዋለች። በዚህ ዓይነት ቀንበር ሦስት ዓመት ሙሉ በየጊዜው ስትፈታ፣ አንድም ቀን ሳትፈታ ኖራለች።

እንዲህ ያለ ትእዛዝ በአፍ የማይሰጠው ያለ ነገር አይደለም። ድሮ መርከቦች በቃል ይታዘዙ ነበር። ማሽኖቹ ግን እርግማን አያውቁም። አንዱ አብራሪ በረዳቱ ተናዶ ገደል ግባ ቢል፣ መርከቡ ከማርስ ላይ ጥልቅ ገደል መርጦ ገባ። ሌላዋ ድራሽህ ይጥፋ ብላ ብትራገም፣ መርከቧ መንገዷን ከካርታ ላይ ደምስሳ እስከ ዛሬ አልተገኘችም ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሕግ ወጣ፤ የማይመለስ ትእዛዝ በሰው ጣት ይጻፍ፣ በሰው ጣት ይጽደቅ። አንዱ በሬ በእሳት ቢያያዝ ሌላው ፈቃድ ሳይጠይቅ ገመዱን መፍታት እንዲችል ደግሞ፣ ሥልጣኑ ለሁለቱም አዛዦች ለየብቻ ተሰጠ።

ደምመላሽ ጃኬቱን ወረወረ። ጃኬቱ የትርንጎን የቆሎ ሳህን መታው። ሽምብራው ወለሉ ላይ ተበተነ፤ በመርከብ ላይ ደግሞ አንዲት ሽምብራ የአየር ማስገቢያ ውስጥ ከገባች የስንት ሰው እንቅልፍ ታበላሻለች። ትርንጎ እየተራገመች ጎንበስ ብላ መልቀም ጀመረች።

እሱ ይህን አላየም። «ቀንበር ፍታ» ብሎ ጽፎ ጣቱን አነሳ። ያቺ ጣት ሦስት ዓመት በሙሉ ኃይሏ ስትወርድ መሃል መንገድ ላይ እየተያዘች ኖራለች። መቆም አልተማረችም፤ መቆም የሌላ ሰው ሥራ ነበር። ስለዚህ ወረደች።

ቃ።

ትርንጎ ቀና ስትል ጣቱ ከኢንተር በላይ አልነበረችም። ቁልፏን አስምጣት ነበር።

ሁለቱም ገመዱ ሲበጠስ የሚሰማውን ድምፅ ጠበቁ። ሰምተውት ባያውቁም ሲሰሙት እንደሚያውቁት እርግጠኞች ነበሩ። የደምመላሽ ላብ ከማጅራቱ ተነስቶ ካልሲው ድረስ ወረደ። ከወለሉ በታች የተኙት ሰዎች ፊት አንድ በአንድ መጣበት። ቀኝ በሬ በመስኮቱ ማዶ በቦታው ነበረ፤ እንደ ወትሮው፣ ከነአረንጓዴ መብራቱ፣ ከነጉተማ።

ምንም አልተፈታም።

ሌላ ሰው ቢሆን ተንበርክኮ ያመሰግን ነበር። ደምመላሽ ግን ድንጋጤውን የሚያስቀምጥበት ቦታ አልነበረውም፤ ውስጡ ከአፍ እስከ ገደፉ በቁጣ የተሞላ ነበር። ስለዚህ ድንጋጤው ራሱ ቁጣ ሆኖ ተመለሰ።

«መያዝ ነበረብሽ» አለ።

ትርንጎ ከተንበረከከችበት አልተነሳችም።

«ተጫንከው» አለች።

«ሰው መርከብ ሲገምስ ቆሎ ይለቀማል?»

«ሦስት ዓመት ያዝኩህ። ትከሻዬ የኔ አልመስል ብሎኛል። አንዲት ጊዜ ጎንበስ ብል ተጫንከው።»

እሱ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማስረዳት ጀመረ። ጃኬት ተቀብሎ አለመያዝ በየትኛውም አገር ነውር መሆኑን፣ እሱ የሚቆጣው በእሷ ተማምኖ መሆኑን፣ ያዥ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ቁጣውን መጥኖ እንደማይቆጣ፣ ይህንንም ሕፃን ልጅ እንኳ እንደሚያውቅ አብራራ። ባብራራ ቁጥር ነገሩ እየባሰ ሄደ። ትርንጎ ጃኬቱን ከጭኗ ላይ አንስታ፣ አጥፋ፣ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

«ከዛሬ ጀምሮ ጃኬትህን ራስህ ያዝ። እኔ እጄን አላነሳም።»

ያቺን ቃል ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ደምመላሽ ብትጮኽበት ይመርጥ ነበር። ፊቱን ወደ ላፕቶፑ አዞረ፤ መልስ በማይሰጥ ነገር ላይ መቆጣት ሁልጊዜ ይቀላል።

ኢንተር አልሠራችም። ነገሩን ከሥሩ ካዩት ውርደቱ እዚህ ላይ ነበር። የደምመላሽ ጣት፣ ማዕበልን ያዘዘች፣ አሥር ወደብ ያርበደበደች ጣት፣ ሙሉ ቃል ጽፋ ሙሉ ክብደቷን አሳርፋ፣ አንዲት ጥፍር የምታህል ቁልፍ አልሰማም አለቻት። ደግሞም መጠገን ነበረባት። ነገ ቀኝ በሬ እሳት ቢይዘው፣ ኢንተር አልሠራ ብላ ሁሉም አብሮ ይቃጠላል ወይ? ትርንጎም መጠገኑን አልተቃወመችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ላፕቶፑ እስኪጠገን ከገመዱ መቆጣጠሪያ ይነቀል። እሱ በቁጣ ነቀለው። ከዚያ ወዲያ ትእዛዙ ቢሳካ ማያው ላይ «ታዟል» ተብሎ ይጻፋል እንጂ የትም አይደርስም።

ኪቦርዱ ተራ ኪቦርድ አልነበረም። ጣት-አወቅ ይሉታል፣ የጉተማም ያው ነው፤ የባለቤቱን ጣት ክብደት፣ ሙቀትና ንዝረት እየተማረ አብሮት የሚለምድ፣ ቆዳ የመሰለ ለስላሳ ገበታ ነው። ባለቤቱ ሲሳሳት ያውቃል። ጣት ሳታስበው የነካቻትን ቁልፍ «ይህቺ መሳት ናት» ብሎ ያልፋታል። ጣት-አወቅ ሲበላሽ የሚጠግኑት ከልጅነታቸው ጀምረው የተማሩ ሰዎች ናቸው። ደምመላሽ ግን ያልተማረውን ነገር የሚያህል የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

መጀመሪያ አጠፋውና አበራው። ይህ ከጥንት ከአያት ቅድመ አያት የወረደ መድኃኒት ነው። አልሠራም። ላፕቶፑን ገልብጦ አራገፈው፤ የሦስት ዓመት ቆሎ፣ የብስኩት ፍርፋሪና የራሱ የጺም ፀጉር ዘነበ። አልሠራም። በቁልፎቹ መሃል አየር ነፋበት፤ አነፋፉ ሌላ ፕላኔት ላይ ቢሆን አውሎ ነፋስ ተብሎ ስም ይወጣለት ነበር። አልሠራም። በአልኮል የነከረ ጨርቅ ይዞ እያንዳንዷን ቁልፍ እየሰደበ ወለወለ። ኢንተርን በቢላ ጫፍ ፈልቅቆ አነሳት፣ ከሥሯ አየ፤ ሥሯ እንደ መስታወት ንጹሕ ነው። መለሳት። ክዳኑን ከፈተና ኪቦርዱን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘውን ቀጭን ሪባን ነቅሎ ሰካ። አልሠራም። ክዳኑን ሲዘጋ ጣቱ ተቆነጠጠች፤ በዚያን ጊዜ የተናገረውን ቃል የሰማ ግድግዳ ካለ ቀለሙ ተልጧል።

ጭራሽ ያበገነው የሚቀጥለው ነው። «መብራት አጥፋ» ብሎ ሲጽፍ ኢንተር ትሠራለች። «ሻይ አፍላ» ሲል ትሠራለች። «ቀንበር ፍታ» ሲል ግን ድንጋይ ትሆናለች። ትርንጎ ከጀርባው ሆና ስታይ ቆይታ ፈቀቅ በል አለችው። በቀጫጭን ጣቶቿ ያንኑ ቃል ጻፈች፣ ኢንተርን ነካ አደረገቻት።

«ታዟል» አለ ማያው።

ደምመላሽ ዓይኑን ማመን አቃተው። የግራ በሬ አዛዥ እሱ፣ የጣቱ ባለቤት እሱ፣ ኪቦርዱ የሚታዘዘው ለቆሎ ለቃሚ። ትርንጎ ቀስ ብሎ እንዲሞክር ነገረችው። እሱ ቀስ ብሎ ያደረገው ነገር ከተወለደ ጀምሮ የለም፤ ቢሆንም ትንፋሹን ውጦ፣ ጣቱን እንደ ድመት እግር አለስልሶ፣ ጻፈ። ማያው «ታዟል» አለ። ወዲያው ጉተማንና ቪላ ቤቱን አሰበ፣ ደሙ ፈላ፣ ያንኑ ቃል ደብድቦ ጻፈ። ኢንተር ደረቀች።

«የምትቆጣውን ነው የማይቀበለው» አለች ትርንጎ።

«እሳት ሲነሳ ቀስ ብሎ የሚጽፍ ማን ነው?» አለ እሱ፤ አባባሉም ልክ ነበር። ሰው በድንጋጤም ቁልፍ ይደበድባል። ብልሽት ብልሽት ነው።

የቀረው የኪቦርዱን ትዝታ መክፈት ነበር። ጣት-አወቅ የተማረውን ሁሉ በሥዕል ያኖረዋል፤ ለባለቤቱም ያሳያል። ደምመላሽ ከፈተው። ማያው ላይ ቀይ መስመር ወጣ፤ የእሱ ጣት ናት። «ቀንበር ፍታ» የሚለውን ስትጽፍ መስመሯ እንደ ተራራ ከፍ እያለች ትሄዳለች። ጫፉ ላይ፣ ኢንተር አጠገብ ስትደርስ፣ አንድ ሰማያዊ ሙቀት ከጎን ይመጣል፤ የሌላ ሰው እጅ። ሰማያዊው ቀዩን ያቅፈዋል። ቀዩ ይንቀጠቀጣል፣ ይወርዳል፣ ይበርዳል። ቀጣዩን ሥዕል ከፈተ፤ ያው ነው። ሌላውን ከፈተ። ተራራ፣ ሰማያዊ እጅ፣ ብርድ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ ያልተዛነፈ።

ኪቦርዱ ዓይን የለውም። ጠብ ምን እንደሆነ፣ ቪላ ቤት ምን እንደሆነ አያውቅም። ሰውን የሚያውቀው በጣቱ ብቻ ነው፤ በጣት ሲታይ ደግሞ ሰው ማለት ሁልጊዜ ሁለት እጅ ነበር፤ አንዱ የሚወርድ፣ ሌላው የሚይዝ። እንግዲህ ዛሬ ጣቲቱ ብቻዋን ስትወርድበት፣ ሰማያዊው እጅ ሳይመጣ ሲቀር፣ ኪቦርዱ በተማረው መሠረት ፈረደ። ከሥዕሉ ግርጌ ፍርዱ በአጭሩ ተጽፎ ነበር፤

«መሳት። ባለቤቱ ይህን ማለቱ አይደለም።»

ደምመላሽ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ትርንጎ በትከሻው ላይ አሻግራ አነበበች፤ የሆነ ድምፅ ከጉሮሮዋ ወጣ፣ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልተለየም። ለእሱ ግን ከጉተማ ቃል የባሰ ስድብ ነበር። ጉተማ በረዶውን ነው የለካው፤ ይህ ዕቃ ቁጣውን ለካው። ዓለም የሚንቀጠቀጥለትን ቁጣ እንደ ጣት መሳት ቆጥሮ፣ አንድም ቀን ከልብ አልተቆጣህም ብሎ ጻፈበት። የእሱን ፉከራ እታለማሁ ብትስቅበት፣ ጉተማ ቢስቅበት፣ የወደቡ ሰው ቢስቅበት፣ እነሱ ሰዎች ናቸው። ማሽን ግን በማን አገር ነው ሰውን የሚገላግለው?

መርፌ አነሳ። በኪቦርዱ ሆድ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ፈልጎ ወጋት፣ እስኪበቃት ያዛት። ሥዕሎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ሰማያዊው እጅ መጨረሻ ላይ ጠፋ። ኪቦርዱ ትናንት እንደተወለደ ሆነ። ደምመላሽ ሆን ብሎ በጉተማ ተናዶ፣ ያንኑ ቃል ደብድቦ ጻፈና ኢንተርን መታ።

«ታዟል።»

ላፕቶፑን ከገመዱ መቆጣጠሪያ ጋር መልሶ ሰካው። ትርንጎ ይህን ሲያደርግ ከለከለችው ማለት አይቻልም፤ ወደ ጥጉ ሄዳ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ሁለት እጇን ብብቷ ውስጥ ከትታ ቆመች። ቃሏ ቃል ነበር።

ሬዲዮኑን ከፈተ። ለወደቡ ሳይሆን ለቀኝ በሬ ብቻ። ፋብሪካ የማይጠግነውን፣ ሊቃውንት ተሰብስበው የሚያለቅሱበትን ብልሽት በአንዲት መርፌ እንዳዳነ፣ አሁን ኢንተሩ እንደ ምላጭ እንደሆነች፣ ከዚህ በኋላ ቪላ ቤት የሚል ሰው ካለ አፉን ጠብቆ እንዲናገር ለጉተማ ነገረው። እየተናገረም «ቀንበር ፍታ» ብሎ ጻፈ። ዝግጁ መሆኑን ለማሳየት ነበር፤ ማንም ባያየውም።

የጉተማ ድምፅ መጣ፤ እንደ ድስት ክዳን የሚንተከተክ ድምፅ።

«ፍታው እንግዲያ። ሦስት ዓመት እፈታለሁ ስትል ሰማንህ። አንተ ካልፈታህ እኔ እፈታዋለሁ፤ ህዋ ላይ ጠፍቶ መቅረት ካንተ ወሬ ይሻላል።»

በሬዲዮው ውስጥ የቁልፍ ኳኳታ ተሰማ። ጉተማ እየጻፈ ነበር። ደምመላሽ ፈገግ ሊል ነበር፤ ይህን ያውቀዋል፤ አሁን ሐሊማ አንጓውን ትይዘዋለች፣ እሱ ልቀቂኝ ይላል። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው። ሐሊማ ከትናንት ወዲያ ጉተማን ስትጎትት ክንዷ ወልቆ መድኃኒት ወስዳ ተኝታለች። ጉተማ ብቻውን ነው።

ቃ፣ አለ ሬዲዮው።

ደምመላሽ መስኮቱን አየ። ገመዱ ተወጥሮ እንደቆመ ነው። ቀኝ በሬም በቦታው ነው፤ ከነአረንጓዴ መብራቱ። ትርንጎ ጥጉ ላይ እንደቆመች ፊቷ አመድ መሰለ። ከወዲያ ማዶ የጉተማ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፤ ረዥም፣ የተቆራረጠ። ደምመላሽ ያንን ትንፋሽ ያውቀዋል። ከማጅራት እስከ ካልሲ የሚወርደውን ላብ ያውቀዋል። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣም ያውቃል፤ ድንጋጤው ቦታ ሲያጣ ቁጣ ሆኖ ይመለሳል።

«የኔም ኢንተር አትሠራም» አለ ጉተማ በመጨረሻ። ድምፁ እንደገና መንተክተክ ጀምሮ ነበር። «እንዴት ነው የጠገንከው? በመርፌ ነው ያልከው። የቱ ጋ ነው የሚወጋው?»

ደምመላሽ አፉን ከፈተ። መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ ከነማድመቂያው፣ ከነፉከራው። በሕይወቱ ሙሉ አንድ ሰው እንዴት ቻልክበት ብሎ እንዲጠይቀው ሲመኝ ኖሯል፤ ጠያቂው ደግሞ ጉተማ እንዲሆን። አሁን ቀዳዳዋ ከሆዱ በስተግራ ናት ብሎ ቢነግረው፣ ጉተማ መርፌ ያነሳል፣ ይወጋል፣ ሰማያዊው እጅ ይጠፋል። ከዚያ ብቻውን፣ በንዴት፣ መቆም ያልተማረች ጣት ይዞ፣ ሠራች ወይ ብሎ ይሞክራታል።

ገላጋይ የሌለበት ጠብ ጠብ አይደለም፤ ግድያ ነው። በዚያች ሰዓት በቀኝ በሬ ውስጥ የቀረው ገላጋይ ያ ኪቦርድ ብቻ ነበር።

«አልጠገንኩትም» አለ ደምመላሽ።

ትርንጎ ቀና አለች።

«ምን አልክ?» አለ ጉተማ።

«አልጠገንኩትም አልኩህ። ዋሸሁ። ነካካሁት፣ አልቻልኩም። ወደብ ስንደርስ የሚችል ሰው ያየዋል።»

ጉተማ የሰማውን መላልሶ መረመረ፤ ደምመላሽ አልቻልኩም ሲል የሰማ ሰው እስከዚያች ቀን በሕይወት አልነበረም። ከዚያ ሳቀ። ሳቁ ከሆዱ የወጣ፣ ንዴቱን ጠራርጎ የሚያወጣ ሳቅ ነበር። ሳቁን ሳይጨርስ የወደቡን ሬዲዮ ከፈተና አማቼ ኪቦርድ መጠገን አቃተው ብሎ ለዓለም አወጀ። በረዶው ቪላ፣ ጥገናው ዜሮ አለ። የወደቡ ሳቅ መጣ። ከሳቁ መሃል ያ አንዱ፣ የሚያውቀው፣ እንደገና መጣ።

ያን ጊዜ በደምመላሽ ደረት ውስጥ የተነሳው ነገር እስካሁን ቁጣ ሲላቸው የነበሩትን ሁሉ ተራ ማስነጠስ አደረጋቸው። እሱ ነፍስ አትርፎ ይስቁበታል። እውነቱን ቢናገር መርከብ ይፈታል፣ ባይናገር ስሙ ይፈርሳል። ማያው ላይ «ቀንበር ፍታ» እንደተጻፈ ነው። ከፊቱ ያለው ኪቦርድ ምንም አያውቅም፤ የሚነግሩትን ሁሉ አምኖ የሚፈጽም ጨቅላ ነው። ጣቱ ተነሳች። በሙሉ ክብደቷ ተነሳች። ዓይኑ በልምድ ወደ ትርንጎ ሄደ፤ ትርንጎ ከጥጉ አልተንቀሳቀሰችም፣ እጇ ብብቷ ውስጥ ነው፣ ዓይኗ ግን ጣቱ ላይ ተተክሏል።

ጣቲቱ መውረድ ጀመረች።

መሃል መንገድ ላይ አንድ እጅ አንጓውን ያዘው። ደምመላሽ ደንግጦ አየው። የራሱ ግራ እጅ ነበር።

ከዚያ የሆነውን ያየችው ትርንጎ ብቻ ናት። አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ከራሱ ጋር ሲታገል፤ ቀኙ ሲንፈራገጥ፣ ግራው ሲጎትት፣ ጥርሱ ሲንገጫገጭ፣ ወንበሩ ሲጢጥ ሲጢጥ ሲል። «ልቀቀኝ» አለ በአንድ ድምፅ። «ተው እንጂ» አለ በሌላ ድምፅ። ወደቡ ሙሉ ይስቃል፣ እሱ ይታገላል። ብዙ ቆየ። ሌላ ሰው ሲይዝህ የድካሙ እኩሌታ የእሱ ነው፤ ራስህን ስትይዝ ግን ሁለቱም ክንድ ያንተ ነው፣ ሁለቱም ይዝላል። በመጨረሻ ቀኝ እጁ ለሰሰ። በግራ እጁ እንደያዘው፣ በአንዲት ጣት፣ የጻፈውን ፊደል በፊደል አጠፋ።

ትርንጎ ከጥጉ ወጣች። ጃኬቱን ከወለሉ አነሳች፣ ሽምብራውን አራገፈችለት፣ ትከሻው ላይ ጣለችለት። ሻይ ልታፈላ ስትሄድ ትከሻዋን እያሻሸች ነበር።

«ቪላው ከነሰርቪሱ ነው» አለ ደምመላሽ ከጀርባዋ፤ ቁጣው ገና አልበረደም። «ጉተማ ሰርቪሱን አልቆጠረውም።»

ከጣቶቹ ሥር፣ ገና የተወለደው ኪቦርድ የመጀመሪያ ትምህርቱን እየጻፈ ነበር። ቀይ መስመር እንደ ተራራ ወጣ፤ ጫፉ ላይ ሁለተኛ እጅ መጥቶ ያዘው። ኪቦርዱ የሁለቱን እጆች ሙቀት ለካ፣ አስተያየ፣ ደግሞ ለካ። ልዩነት አላገኘም። ሁለቱንም በአንድ ቀለም ቀባቸው።